የሰላሳ ስድስት ሰዓት ወረራ

እትዬ ቢታንያ ልብስ ለማስጣት ጣሪያ በወጡ ቁጥር ያንኑ ወሬ ያወራሉ። «መቶ ወረራ አብረው የተጫወቱ ሰዎች ልባቸው በአንድ ምት ነው የሚመታው። ሐኪሞች ለክተውታል» ይላሉ፣ የራሳቸውን አንሶላ በሰው ገመድ ላይ እየዘረጉ። አምና ቁጥሩ ሃምሳ ነበር። ካቻምና ሐኪሞቹም አልነበሩበትም፤ የነበረችው አንዲት የሞጆ ሴት ብቻ ናት፣ ባሏ ከሰማይ ወርዶ የገዛ በሩ ላይ ቆሞ «ማንን ፈለግሽ?» ያላት።

«እነዚያ ሐኪሞች በሽተኛ አጥተው ነው?» አለች ኤልዳና።

«ሳቂ አንቺ። የኔ ባል አፈር ውስጥ ነው፤ የት እንዳለ አውቃለሁ። ያንቺው ነው በወር ሁለት ጊዜ ደመና ላይ የሚያድረው።»

ኤልዳና የባሏን ሸሚዝ ጨምቃ ሰቀለችው። ከሚገባው በላይ ጨመቀችው።

ከቢሾፍቱ ፑንታ አሬናስ ሰላሳ ስድስት ሰዓት ነው። ፈጣኖቹ አውሮፕላኖች ሙዚየም ከገቡ በኋላ የተወለደ ሰው ይህን ረጅም አይለውም፤ መንገድ ነው የሚለው። የቀስታ መስመር ተሳፋሪ በር ላይ ስልኩን፣ መነጽሩንና ስሙን ያስረክባል። ከዚያ ወዲያ የወንበር ቁጥር ነው። መዳቢው መሣሪያ መርጦ የማያውቀውን ሰው ፊት ለፊቱ ያስቀምጥለታል፣ በመካከላቸው ቀይ የሰንጠረዥ ሰሌዳ ይዘረጋል፣ እስኪወርዱ ይጫወታሉ። ሲወርዱ አንዱ ለሌላው ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ይሰጣል። ከአንድ እንግዳ ጋር ሁለት ጊዜ መቀመጥ ክልክል ነው። እንግዳ እንግዳ ሆኖ ይቅር ነው ነገሩ።

ሰሌዳው የጥንቱ ነው፤ ጨዋታውም የጥንቱ። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እንዳሻቸው፣ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው አይቶ ያፈርሳል። ወረራ የሚባለው ይህ ነው። ከማያውቁት ሰው ጋር ወረራ የገባ ሁሉ እጁ ከእጅ ይጋጫል፣ ጥፍር ይቧጨራል፣ ይቅርታ ይበዛል። አንዱ ቸኩሎ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሰው በተራ ነው። ትምህርት ቤቶች ልጆችን ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ በወረራ የሚፈትኑት ነገ ተሳፋሪ ስለሚሆኑ ነው። ኤልዳና የምትተዳደረውም በዚህ ነው፤ በአዳማ ስድስት ትምህርት ቤቶች ሰንጠረዥ ታስተምራለች።

እሷን ያስተማራት የለም። ልጅ ሳለች ጡረተኞች ሲጫወቱ በትከሻቸው ላይ አንገቷን እያሰገገች ነው የለቀመችው። በአሥራ አራት ዓመቷ እነዚያኑ ጡረተኞች ተራ በተራ አሸንፋ፣ ቀኑን ሙሉ ጥላ ያለበትን ወንበር አስለቅቃቸዋለች። የፈተና ክፍል ገብታ ዓይኗን ጨፍና የጠጠሩን ኳኳታ ብቻ ሰምታ፣ «ይህ ልጅ በአጎቱ እጅ ነው የሚጫወተው፤ አጎቱም ፈሪ ነው» ትላለች። ትኩራራለች ይሏታል። ትኩራራለች። ግን ተሳስታ አታውቅም፤ ይህም የባሰ ያኮራታል።

ባሏ ባሮክ ሲያገባት ፈረሱን ከንጉሡ የማይለይ ሰው ነበር። አሁን በደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ ፑንታ አሬናስ፣ የነፋስ ማማዎች ይጠግናል፤ ሃያ ቀን እዚያ፣ ሰባት ቀን አዳማ፣ የቀረው በአየር ላይ። በመጣ ቁጥር ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ አንድ ሰሌዳ ይዘረጋሉ። ሌላው ባልና ሚስት ምን እንደሚያወራ ኤልዳና አታውቅም፤ እነሱ ስምንት ዓመት የተነጋገሩት በዚህ ነው።

ኅዳር ላይ ነው የነቃችው።

ድሮ ባሮክ ከበረራ ሲመለስ የእንግዳ እጅ ይዞ ነበር የሚመጣው። ጠጠሩን ያነሳና ይቆማል፣ ውሻ ያለበት ግቢ እንደሚገባ ሰው። ሁለት ሦስት ቀን ከእሷ ጋር ሲጫወት ይፍታታል። በዚያ ኅዳር ግን እጁ አላመነታም። ሁለት ጊዜ ያንቀሳቅሳል፣ ትንሽ ቆም ይላል፣ እንደገና ሁለት። ያቺ ቆም ማለት ሐሳብ አልነበረችም። ለሌላ እጅ መንገድ መልቀቅ ነበረች። የኤልዳና እጅ ደግሞ በዚያች ሰዓት አይመጣም፤ መጥቶም አያውቅም።

«በዚህኛው ማን ደረሰህ?» አለችው።

«አንድ የጎሬ ማር ነጋዴ።»

«እንዴት ነው ጨዋታው?»

«ምንም አይልም።»

ጥር ላይ ያቺው ቆም ማለት ጠንክራ መጣች። «አሁንስ?» አንዲት የጥርስ ሐኪም ናት አለ። መጋቢት ላይ ደግሞ ማር ነጋዴ።

«የጎሬው?»

«አይ… የቦንጋ።»

የዚህ አገር ማር ነጋዴ ሁሉ ፑንታ አሬናስ ምን ሊቆርጥ ነው የሚሄደው አለች በሆዷ። ከማያውቁት ሰው ጋር የተጫወተ እጅ እንዲህ አይለመልምም። ሁለት እጆች ሳይነካኩ እንዲተላለፉ ስንት ጨዋታ እንደሚፈጅ እሷ ታውቃለች፤ ከባሮክ ጋር ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል። አንድ ሰው አለ። አንድ፣ ያው፣ ደጋግሞ።

በዚያው ሰሞን እራት ላይ ስለ ናሆም ተነሳ። ናሆም ከላይኛው ፎቅ ያለ ጎረቤት ነው፤ ነጥቡ ወደ ሁለት ወርዶበት ሚስቱ ለሰው እንዳትነግር እየለመናት፣ እሷ ደግሞ ለሰው ሁሉ ነግራለች።

«ሰው ፊቱ መቀመጥ የሚጠየፈው ሰውዬ ምን ይባላል?» አለች ኤልዳና። «ነጥብ ያጣ ሰው ጨው እንዳጣ ወጥ ነው። ይቀርባል እንጂ አይበላም።»

«ምስኪን ነው ናሆም» አለ ባሮክ።

«ምስኪንማ ነው። ባሌ ቢሆን አብሬው ሊፍት አልገባም ነበር።»

ባሮክ የጎረሰውን ለረጅም ጊዜ አኘከ።

ሚያዝያ ላይ ኤልዳና ሴትዮዋን ልታገኛት ወሰነች። ሴት መሆኗን ማን ነገራት? ማንም። ቅናት ማስረጃ አይጠይቅም፤ ጾታ ግን ይለያል።

አውሮፕላን አልተሳፈረችም። ተሳፍራም አታውቅም፤ «ፊቴ የሚቀመጠውን ሰው መሣሪያ አይመርጥልኝም» ትል ነበር። ሴትዮዋን የፈለገቻት እዚያው በረንዳው ላይ፣ በባሏ እጅ ውስጥ ነው። ወረራው ሲጀመር በፍጥነት ገባች፤ እጃቸው ተጋጨ። አዘገመች፤ እጁ ጠብቋት ሰለቸው። ከዚያ ከእሱ ግማሽ ምት ወደ ኋላ ቀረት አለች፣ ጣቶቿን ለቀቅ አደረገች፣ ጠጠሩን እንደ ትኩስ ድንች አንስታ ቶሎ ማስቀመጥ ጀመረች።

ገጠመ።

እጆቻቸው እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ይመላለሱ ጀመር። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል፤ አይነካኩም፣ አይፈራሩም። ባሮክ ሳያውቀው ያንጎራጉር ጀመር። አሥር ደቂቃ አለፈ፤ ሃያ ሆነ። የሚበላ ጠጠር ሞልቷል፤ እሱ አልበላም፣ እሷም አልበላችም። ኤልዳና የሌላዋን ሴት እጅ እንደ ጓንት አጥልቃ ባሏ በዚያ እጅ ሲደሰት ፊት ለፊት ተቀምጣ አየች። ከዚህ የከፋ ነገር በሕይወቷ አላየችም፤ ዓይኗንም ልትነቅል አልቻለችም።

የከፋው ደግሞ ሴትዮዋ ምን እንደሆነች ስታውቅ ነው። እጇ ዘገምተኛ ነው። ፈረሱን ስታነሳ ትደናበራለች። ጣቷ አልሠለጠነም። ጀማሪ ናት! ከእሷ የምትበልጥ ብትሆን ኖሮ ኤልዳና ታለቅስና ታጠናት ነበር። ከኔ ወዲያ ጀማሪ? አለች በሆዷ።

«ዛሬ ጨዋታሽ ደስ ይላል» አለ ባሮክ።

«እንዴት ነው ደስ የሚለው?»

«እንጃ። ለስለስ አለ።»

ወታደሩን አንስታ በራሷ ፈረስ ደፈጠጠችበት። ሰሌዳው ዘለለ። ወረራው አበቃ፤ ከዚያ በኋላ በተራ፣ በአሥራ አንድ እንቅስቃሴ ንጉሡን ዘጋችው። «ምን ሆንሽ?» አለ። «አሸነፍኩ» አለች።

ሰኔ ላይ ባሮክ አንድ ቅጽ ይዞ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ገባ። በአዳማው የማማ ጣቢያ ቦታ ተከፍቷል። ለባለትዳር ነው የሚሰጠው፤ የትዳር ጓደኛ መፈረም አለበት፤ ዓርብ ይዘጋል።

«ኤልዱ፣ በቃኝ! ከእንግዲህ ከመሬት ጋር ነኝ። በየቀኑ እዚሁ፣ ባንቺው እየተሸነፍኩ።»

ስምንት ዓመት የጠበቀችው ወረቀት ይህ ነበር። ወረቀቱን ይዛ ግን ሌላ ነገር አሰበች፦ ለምን አሁን? ለምን እንዲህ ይስቃል? ምናልባት ያችም አዳማ ልትመጣ ነው። ምናልባት ያችም የሆነ ቤት ቅጽ ይዛ ደረጃ እየዘለለች ነው። አየር ላይ የጀመሩትን መሬት ላይ ሊጨርሱ፣ እኔ ልፈርምላቸው!

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰሌዳውን ሳትዘረጋ በረንዳው ላይ ጠበቀችው።

«ስሟን ንገረኝና እፈርማለሁ።»

«የማንን ስም?»

«የዚያችን ጀማሪ።»

ባሮክ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው፤ ፊቱም ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። የፈረደበት ያ መቅላት ነው።

«ጥርስ ሐኪሟ ናት? ወይስ ማር ነጋዴው ቀሚስ ይለብሳል?»

«እነሱ… እነሱስ ውሸት ነው። የሉም።»

«ይኸው! ታዲያ ማን ናት ያለችው?»

«ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ።»

«ሞክረኛ።»

አፉን ከፈተ። ኤልዳና ክንዷን አጣምራ፣ ከንፈሯን ከወዲሁ አጣምማ ቆማለች፤ ከኋላዋ ግድግዳው ላይ አሥራ ሰባት የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል። ባሮክ እሷን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ አፉን ዘጋ።

«ማንም የለም» አለ።

«ባሮክ፣ አፍህን ማስተማር አልቻልኩም፤ እጅህን ግን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እጅህ ያወራል። ዓመት ሊሞላው ነው፣ አንድ ሰው ነው፣ ያው አንድ ሰው!»

«ማንም የለም አልኩሽ እኮ! ፈጣሪ ምስክሬ ነው፣ ማንም የለም!»

«እንግዲያስ ከማንም ጋር ኑር።»

ቅጹን አራት ቦታ አጠፈችና ከሚወላገደው የሰሌዳ ጠረጴዛ እግር ሥር ወተፈችው። ጠረጴዛው ቀጥ አለ። ወረቀቱ አንድ ሙሉ ቀን እዚያ ቆየ፤ ጎንበስ ብሎ ማውጣት ይችል ነበር፣ ጎንበስ ብላ ማውጣት ትችል ነበር። ሁለቱም ወገብ አልነበራቸውም። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቦታው ተዘጋ፤ ባሮክ ቅዳሜ በረረ። ከእንግዲህ የሚጠራው ቤት ለሌለው ሰው፣ ለሰባት ቀን ሁለት በረራ ምን ያደርግለታል፤ በዚያው ኑሮውን አደረገ። መስከረም ላይ የፍቺው ወረቀት በሁለት ፊርማ ተጠናቀቀ። ለዚህኛው ሁለቱም አልዘገዩም።

ስድስት ዓመት አለፈ።

ባሮክ ማሪሶል የምትባል የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ አግብቶ ሴት ልጅ ወልዷል። ፎቶውን ለኤልዳና ያሳየቻት የባሮክ እህት ሶልያና ናት፣ ገበያ መሐል፣ ሳትጠየቅ። ኤልዳና የሴትዮዋን ፊት ተወችና እጆቿን አጉልታ አየች።

«ሰንጠረዥ ትጫወታለች?»

«ማሪሶል? ኧረ እሷ ዳማም አታውቅ! ባሮክም እኮ ትቷል፤ ቤቱ ሰሌዳ የለም።»

እንግዲህ ጀማሪዋ ማሪሶል አይደለችም። ይህ ሊያሳርፋት ሲገባ ይበልጥ አንገበገባት፤ ቅናቷ ቤት አጣ። ባሏን የወሰደችው ሌላ፣ ያስፈታቻት ሌላ፤ ያቺ ሌባ ግን እስከ ዛሬ በነፃ ትሄዳለች። ኤልዳና ፈተና ክፍል ገብታ ዓይኗን ስትጨፍን የምታዳምጠው የልጆቹን ስህተት መሆኑ ቀረ። ያችን ግማሽ ምት ወደ ኋላ የምትቀር፣ ለስላሳ፣ ትንሽ የምትደናበር እጅ ነው የምትፈልገው። በባቡር ጣቢያ መጠበቂያ፣ በሠርግ ቤት፣ ሴቶች በሚጫወቱበት ሁሉ ትቆማለች። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ የሚኳኳ ጠጠር አልሰማችም።

በሰባተኛው ዓመት ሞንቴቪዴዮ ላይ ለሚደረግ የልጆች ውድድር ዳኛ ሆና ተጠራች። ክብር ነበር፤ እምቢ ማለት ያቃታት ክብር። እንደ ሰው ሁሉ በር ላይ ስልኳን፣ መነጽሯንና ስሟን አስረከበች፣ 17ሐ ሆነች። መስመሩ ያው የፑንታ አሬናሱ ነው፤ እሷ አንድ ጣቢያ ቀድማ ትወርዳለች። መዳቢው ፊቷ ያስቀመጠላት ግዙፍ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ከተሸነፈ በኋላ ምሳውን በልቶ አንቀላፋ። ኤልዳና ዓይኗን ጨፍና ሁለት መቶ ሰው ሲጫወት አዳመጠች። ከጭንቅላት እስከ ጭራ አንድ በአንድ ለየቻቸው። ያችኛዋ የለችም።

«ተጋጣሚዎ ሸሸዎት» አለች አስተናጋጇ። ጠጉሯ የሸበተ፣ ደረቷ ላይ ኬብሮን የሚል ስም የለጠፈች ሴት ናት፤ ስም ያላቸው ሠራተኞቹ ብቻ ናቸው።

«ተኝቶ ይሻላል። ነቅቶ ሲጫወት ነው የሚያንኮራፋው።»

ኬብሮን ሳቀችና የሻይ ጋሪዋን አቁማ መተላለፊያው ላይ ተደገፈች። «ብቻዎን ይጫወቱ እንግዲህ። ድሮ አንድ ሰውዬ ነበረን፣ ሁለት እጁን እያፋለመ የሚጫወት። ሰላሳ ስድስት ሰዓት፣ ከራሱ ጋር ወረራ!»

«ተጋጣሚ የለውም?»

«ነጥቡ ወድቆ መዳቢው ባዶ ወንበር ነበር የሚሰጠው። ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ መሄጃም መመለሻም፣ ፊት ለፊቱ ባዶ። ክፉ ሰው መስሎዎት እንዳይሆን፤ ፑንታ አሬናስ ማማ የሚጠግን፣ አንገቱን የደፋ ሰው ነው።»

የኤልዳና እጅ ያነሳው ጠጠር ላይ ቀረ።

«ታዲያ… ነጥቡ በምን ወደቀ?»

«በሚስቱ!» አለች ኬብሮን። «ስለ ሚስቱ ያወራላ! ሚስቴ እንዲህ ስትስቅ፣ ሚስቴ እንዲህ ስትቆጣ። ሰው መቼ ነው የሰው ሚስት ሰላሳ ስድስት ሰዓት የሚሰማው? አንድ፣ አንድ እየሰጡት ይወርዳሉ።»

ማሪሶል ከነሽርጧ በኤልዳና ዓይነ ሕሊና ቆመች። ያ አሮጌ እሳት ከእግር ጥፍሯ ተነሳ። ለእኔ በስምንት ዓመት አሥር ቃል፤ ለእሷ አውሮፕላን ሙሉ ሕዝብ እስኪሰለች! አለች በሆዷ።

«ሚስቱ የዚያው የፑንታ አሬናስ ሴት ናት?»

«አይደለችም፣ የአዳማ ናት። አስተማሪ ነገር ናት መሰለኝ። እሱም በኋላ መምጣት አቆመ፤ ስድስት ሰባት ዓመት ይሆነዋል።»

ተኝቶ የነበረው ሰውዬ ተገላበጠ። ከፊት በኩል አንድ ሰው ሻይ እንዲመጣለት እጁን አነሳ፤ ኬብሮን ጋሪዋን ያዘች።

«እንዴት ነበር የሚያፋልማቸው?» አለች ኤልዳና። «እጆቹን።»

ኬብሮን ጋሪውን ለቀቀችና በሁለት እጇ አየሩ ላይ አሳየቻት። ቀኙ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ቆም፤ ግራው ግማሽ ምት ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ለስለስ ብሎ፣ ትንሽ እየተደናበረ።

«ቀኜ እኔ ነኝ፣ ግራዬ እሷ ናት ይለን ነበር» አለች። «ዓመት ሙሉ ግራው ሲሸነፍ አላየሁም።»